ሪሞቱን የማይሰማ የጣሪያ ቬንቲሌተር፦ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ለእማዬ ክፍል በሪሞት የሚሠራ የጣሪያ ቬንቲሌተር አስገጠምን። ግድግዳው ላይ የድሮው ቬንቲሌተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ አለ፣ ያ በእጅ የሚዞረው። ኤሌክትሪሺያኑ እሱን ሳያነሳ አዲሱን በዚያው መስመር አገናኘው።

አሁን ሪሞቱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይሰማም። ባትሪ ቀይረናል። ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ቬንቲሌተሩ እም እም ይላል። መመሪያው ሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው የቬንቲሌተሩ ክፍል) እንዲህ ካለ መቆጣጠሪያ ጋር በአንድ መስመር እንዳይገናኝ ይከለክላል። ባለሙያው ግን "ችግር የለውም" ብሎ ሄደ።

መቆጣጠሪያው ወጥቶ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ቢተካ ይበቃል? ወይስ ሪሲቨሩ እስካሁን ተጎድቶ ይሆን?

ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ሙሉው አካል ይወዛወዛል። ኮርኒሳችን ቺፑድ ነው፤ መንጠቆው ከላይ ካለው ወፍራም እንጨት ጋር ይታሰር ወይም ቺፑዱን ብቻ ይያዝ አላየሁም። ክንፎቹ ደግሞ ልክ ከአልጋዋ በላይ ናቸው። ኮርኒሱን ሳላስፈርስ እንዴት ላረጋግጥ?

ለጊዜው ብሬከሩን አጥፍቼዋለሁ። እማዬ በዚህ ሙቀት ያለ ንፋስ እያደረች ነውና የምታውቁ ቶሎ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።