በፊንጢጣ ዙሪያ ፊስቱላ ለያዘው ውሻ ከአዳማ የት ይኬዳል? የትኛውስ መድኃኒት ይሻላል? (ጥቆማ)

በጀርመን ሼፐርድ ውሻዎ ጅራት ሥር መግል የሚያወጡ ቀዳዳዎች አይተው የት ቢያሳዩት እንደሚሻል ለጠየቁን ወንድማችን፣ ይኸው ፊስቱላ የሚባለው በሽታ ከያዘው ከውሻዬ ከቡቺ ጋር ያየሁትን ልንገርዎት።

ቡቺ ለመጸዳዳት ሲቀመጥ ማቃሰት ጀመረ፤ ጅራቱን አንሥቼ ሳይ ምስር የሚያህሉ አራት ቀዳዳዎች ነበሩበት፣ በአዳማ ሙቀት ዝንቡም አልላቀቅ አለው። መጀመሪያ የወሰድኩበት ክሊኒክ ለሁለት ወር ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ሲወጋው ቢቆይም ቁስሉ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ይህ በሽታ በአብዛኛው የውሻው የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ የተደረበውን ኢንፌክሽን ብቻ ያቀላል፤ ዋናው ሕክምና መከላከያውን የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው።

ለምርመራ የምመክርዎት ቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ሚኒባስ ውሻ ስለማይጭን ኮንትራት መያዝ ግድ ነው፤ ሆኖም መንገዱ ከአዲስ አበባ በግማሽ ያጥራል። የትም ይሂዱ፣ ሐኪሙ ውሻውን በማስተኛ መድኃኒት አስተኝተው ፊንጢጣውን በጣት ይመረምሩና በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉትን ሽታ አመንጪ ከረጢቶች ያዩ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቁስሉ ስለሚያም ያለ ማስተኛ በደንብ ማየት አይቻልም። ከዚያ በኋላ ያለውን ክትትል፣ ማለትም ክብደት መመዘንና ደም መቅዳት፣ እዚሁ አዳማ ካሉት ክሊኒኮች በአንዱ ማድረግ ይቻላል። ሰገራ መቆጣጠር እስከማጣት ሊያደርስ ስለሚችል ቀዶ ሕክምናን የመጀመሪያ ምርጫ ከሚያደርግ ሰው ይራቁ።

መከላከያውን ከሚያረጋጉት መድኃኒቶች እኔ የማስቀድመው ሳይክሎስፖሪንን ነው። የተለመደው መጠን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በቀን በመሆኑ 30 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ባለ 100 እና አንድ ባለ 50 ካፕሱል ይሆናል። ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎችም የሚወስዱት መድኃኒት ስለሆነ ሲገዙ የካፕሱሉን ዓይነት ያስተውሉ፤ በቅባት የተዘጋጀው አሮጌው ሳንዲሙን እና በአንጀት በተሻለ የሚመጠጠው ኒዮራል አንዱ በሌላው አይተካም። ምግብ ከመብላቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ከበላ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሰጣል። ቡቺ በመጀመሪያው ሳምንት ያስመልሰው ነበር፤ ሐኪሙ ከትንሽ ምግብ ጋር እንድሰጠው ሲፈቅዱልኝ ቆመ።

ዋጋው ከከበደዎት፣ ኬቶኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ሲጨመርበት ጉበት ሳይክሎስፖሪንን ቶሎ ስለማያስወግደው መጠኑን መቀነስ ይቻላል፤ ይህ ግን በሐኪም ትእዛዝና በጉበት ምርመራ ብቻ ነው። ሁለቱን መድኃኒቶች የሚወስድ ውሻ አይቨርሜክቲን ከተወጋ ነርቩን ሊመርዘው ይችላል፤ አገራችን ውስጥ ለመዥገርም ለእከክም የሚወጋው እሱ ስለሆነ፣ ወደ የትኛውም ክሊኒክ ሲሄዱ ይህን በመጀመሪያ ይናገሩ።

መከላከያውን የሚያረጋጉት ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን አብረው ሲሰጡ ርካሽ አማራጭ ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ውሻውን ያስጠማዋል፣ ያስርበዋል፣ ቤት ውስጥም ያሸነዋል፤ ሁለተኛው መቅኔን ስለሚያዳክም መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ የደም ቆጠራ ይፈልጋል። ደም የሚያስመረምሩበት ቦታ ከሌለዎት አይጀምሩት። መከላከያውን ቁስሉ ላይ የሚያረጋጋው የ0.1 ፐርሰንት ታክሮሊመስ ቅባት ለትንንሽ ቁስልና ከዳነ በኋላ ለመጠበቂያ ጥሩ ነው፤ በጓንት ይቀቡት፣ እንዳይልሰውም ይጠብቁት።

በሕክምናው ጊዜ ሕያው ተህዋስ ያለባቸው ክትባቶች ስለማይሰጡ የክትባት ደብተሩን ለሐኪሙ ያሳዩ። ምግቡንም ቀይሬ ነበር፤ ቡቺ የለመደው የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ቀርቶ አጥንቱ የወጣለት የቆቃ ዓሣ ከድንች ጋር ተቀቅሎ ይሰጠው ጀመር፣ ሰገራውም ለስልሶ ሲቀመጥ ማቃሰቱ ቀነሰ።

በሰባተኛው ሳምንት ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ የዳነ መስሎኝ መድኃኒቱን አቋረጥኩ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ሦስቱ ተመልሰው ተከፈቱ። ስለዚህ ገንዘብዎን ሲያሰሉ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ በኋላ ቢያንስ ለአራት ሳምንት የሚበቃ ካፕሱል ጨምረው ያስቡ፤ መጠኑንም የሚቀንሱት ሐኪሙ ጅራቱን አንሥተው ካዩ በኋላ ይሁን።