ጤፌ ከአሸዋና ከብረት ብናኝ ጋር ተቀላቀለብኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ!

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጎበዝ፣ ጨንቆኛል። ከቢቸና የመጣልኝ ነጭ ጤፍ ጆንያው ተቀዶ በር ላይ ፈሰሰ። በሩ ላይ ለግንባታ የመጣ አሸዋ አለ። ትናንት ደግሞ ብየዳ ሠሪዎች እዚያው ብረት ሲቆርጡ ነው የዋሉት። ጠርጌ ሰበሰብኩት፣ ግን ሁሉም አንድ ላይ ሆነ። እሁድ ማኅበር እኛ ቤት ነው። ባበጥረው ባበጥረው አሸዋው አልሄድ አለኝ። ምን ይሻላል?

ዳሞት፦ በወንፊት ንፊው እህቴ።

የወፍጮ ቤቱ ልጅ፦ ከሁሉ በፊት ወደ ወፍጮ እንዳትወስጂው! ዱቄት ከሆነ በኋላ ማንም አይለይልሽም። ከተበላሸ ስፒከር ጀርባ ማግኔት አውጪ። በፌስታል ጠቅልይው። ጤፉን ትሪ ላይ ስስ አድርገሽ ዘርጊና ማግኔቱን ከላዩ ቀስ እያልሽ አሳልፊው። ብረቱ ፌስታሉ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ፈንጠር ብለሽ ማግኔቱን ከፌስታሉ ስታወጪው ብናኙ ይራገፋል። ያለ ፌስታል ግን ከማግኔቱ ላይ ማስለቀቁ መከራ ነው።

የቢቸና ልጅ፦ የቢቸና ጤፍ አሸዋ ላይ! እንዲህ ያለ ወሬ ከቁርስ በፊት አይነገርም።

መምህር (ፍኖተ ሰላም)፦ እህቴ፣ ድብልቅ የሚለየው በውስጡ ያሉት ነገሮች በሚለያዩበት ጠባይ ነው። ማበጠር ገለባና አቧራ ይወስድልሻል፣ ቀላል ስለሆኑ። አሸዋ ግን ከጤፍ ይከብዳል፣ ስለዚህ ቀድሞ የሚሄደው ጤፉ ነው። ወንፊትም ብቻውን አይበቃም። 1 ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2500 እስከ 3000 ፍሬ አለ፣ ያን ያህል ደቃቅ ነው። ከጤፉ የሚተልቀው አሸዋ ወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ እኩያው ግን አብሮ ያልፋል። እሱን የሚለይልሽ ውሃ ነው። አሸዋ በእፍግታ (እኩል ይዘት ተሰፍሮ ሲመዘን) ከውሃ 2.6 እጥፍ ገደማ ነው፣ ጤፍ ግን ከውሃ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። ሁለቱም ይሰጥማሉ፣ አሸዋው ይቀድማል። በሰፊ ሳፋ አማስይና ጤፉ ሳይዘቅጥ ከውሃው ጋር ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጪው። አሸዋው ከሥር ይቀራል። ውሃው ሥር አሸዋ እስኪጠፋ ደጋግሚው።

ዳሞት፦ እኔ አሁንም ወንፊት እላለሁ፣ ግን ሁለት። ሰፋ ያለው ጠጠሩን ያስቀራል፣ ጠበቅ ያለው ጤፉን ይዞ አቧራውን ያወርዳል።

እማማ (ሞጣ)፦ እታለም፣ ይህን ለእሁድ ማን አድርሺ አለሽ? ዛሬ ሐሙስ ነው። ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ መቼ ሊቦካ? ደግሞ በማርቆስ ብርድ! ከጎረቤት ዱቄት ተበደሪና ዛሬውኑ አቡኪ። ይህን ፀሐይ ሲወጣ ረጋ ብለሽ ታጸጂዋለሽ።

ጠያቂ፦ እማማ እውነትዎን ነው፣ አሁኑኑ ጎረቤት ልሂድ። ማግኔቱ ግን ብዙ ብረት አወጣ፣ ተባረክ ወንድሜ! የጨው ከረጢትም አብሮ ፈስሶ ነበር፣ እሱስ?

መምህር፦ ጨው አያሳስብሽ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 36 ግራም ገደማ ጨው ያሟሟል። ስታጥቢው ከውሃው ጋር ይወርዳል። ብቻ ማግኔቱንና ወንፊቱን በደረቁ ጨርሺ። ከረጠበ ብናኙ ከጤፉ ጋር ይጣበቃል፣ ብረቱም ይዝጋል።

ብየዳ ሠሪ (ባሕር ዳር)፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ረስታችኋል። እኔ ሥራዬ ነው። ብረት ስንቆርጥ ዲስኩ ራሱ እየተበላ ይበናል፣ ይህን ማግኔት አይዘውም። አሉሚኒየምንም አይዘውም። የተቆረጠው አሮጌ፣ ቀለም የተቀባ ብረት ከነበረ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ያኔ ለሰው አይሆንም፣ ለዶሮም አትስጪው። ምን ዓይነት ብረት ነበር የቆረጡት?

የደጀን ልጅ፦ በወንፊት ብትነፊውስ?

የወፍጮ ቤቱ ልጅ፦ ወንፊቱ ይቆይ። እህቴ፣ መጀመሪያ ለብየዳው ሰው መልሺለት። አሮጌ ቀለም ካለበት ድካምሽን ተይው፣ ጤፉ ቢያሳዝንም ይደፋ። አዲስ ያልተቀባ ብረት ከሆነ ግን መምህሩ እንዳለው እጠቢው፣ አድርቂውና አምጪው፣ ድንጋዩን አጽድቼ እፈጭልሻለሁ።