ጠዋት አልነሳ ያለኝ ናፍጣ ሂሉክስ

ሰላም ወገኖች። ጅማ ነኝ፣ በአሮጌ ናፍጣ ሂሉክስ ከአጋሮ ቡና አመላልሳለሁ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት አልነሳ ብሎኛል። ባትሪው አዲስ ነው፣ ሞተሪኖውም (ማስነሻው) ሞተሩን በደንብ ያዞራል። ቀን ላይ ግን በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ማታ የማቆመው ጅረን ዳገቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ነው። እንጀራዬ ነውና እርዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስታዞረው ነጭ ጭስ ያወጣል? ካወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ የጎደለው ሙቀት ነው። ካንዴሌታዎቹን፣ ማለትም ሲነሳ የሞተሩን ውስጥ የሚያሞቁትን፣ አስፈትሽ።

ጠያቂው፦ ምንም ጭስ የለም።

ሌላ መልስ፦ እንግዲያው ናፍጣው ሞተሩ ጋ አልደረሰም፣ መስመሩ አየር እየሳበ ነው። ዳገት ላይ ታንከሩ ከሞተሩ ዝቅ ይላል፤ ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀን ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። ጠዋት ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ተጫናትና አስነሳ። ከተነሳ የላስቲክ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እይ። የእኔ ስንጥቅ ፀጉር ታክል ነበር፣ ሁለት ሳምንት አሰቃየችኝ። ኤተር (የማስነሻ ስፕሬይ) ግን እንዳትረጭ፣ አደራ! ካንዴሌታው ከጋለ ሞተሩን ይሰብርብሃል።

ጠያቂው፦ ሃያ ጊዜ ያህል ተጫንኩ፣ ወዲያው ተነሳ! ከታንከር የሚመጣው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ረጥቧል። ነገ እቀይረዋለሁ። ኑሩልኝ።