የሳይክሌን መቀመጫ እንዴት ላስተካክል?

ሰላም ለሁላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ለሥራ በሳይክል ነው የምመላለሰው። ሰሞኑን ዳገት ላይ ጉልበቴ ከፊት በኩል ይወጋኝ ጀመር። መቀመጫው ዝቅ ብሎ ነበር። ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አድርጌ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሬ ቀጥ እስኪል ከፍ አደረግኩት። 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጉልበቴ ተመስገን ቀለል አለኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ወደ ፊት እየተንሸራተትኩ ክብደቴ በሙሉ መሪው ላይ ያርፋል። ቃሊቲ ስደርስ መዳፌ ደንዝዞ ቁልፍ መያዝ ያቅተኛል። የመቀመጫው ጫፍ ወደ ታች ያዘነበለ ይመስለኛል። የሰፈራችን ሳይክል ሠሪ ግን «ወደ ኋላ ግፋው» ነው የሚለኝ። ወደ ኋላ ከገፋሁት ከፔዳሉ ይርቅብኛል፤ ከፍታውን እንደገና ልቀንስ ነው ማለት ነው።

የቱን ላስቀድም? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሳይክሌን መተው አልፈልግም።