የፒ53 የጋራ ፕሮፖዛል፦ ሴሎቹን እንወስን

አስተባባሪዋ፦ እንደምን ዋላችሁ። ረቂቁን ትናንት ማታ ልኬላችኋለሁ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ፒ53 የተባለውን ካንሰር ተከላካይ ፕሮቲን በሰው ሴል ውስጥ በአንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ሞለኪውል) ማየት፣ ሴሉን ዶክሶሩቢሲን በተባለው የካንሰር መድኃኒት ስናስጨንቀው መጠኑ እንዴት እንደሚለወጥ መለካት። የሴሉን ፕሮቲኖች ጄል ውስጥ በክብደት እንለያለን፤ አንቲቦዲው የያዘው ፊልም ላይ እንደ መስመር ይታያል። አንቲቦዲው ዲኦ-1 ነው። ሴሉ ሄላ፣ በእጃችን ስላለ። ያልተስማማ ይናገር።

ከጎንደር፦ ሄላ ላይ አልስማማም እህቴ። ከማኅፀን በር ካንሰር የመጣ ሴል ነው፤ ውስጡ ፓፒሎማ ቫይረስ 18 አለ። የቫይረሱ ኢ6 ፕሮቲን ፒ53ን እያሳደደ ያስፈርሰዋል። ጂኑ ደህና ነው፣ ፕሮቲኑ ግን የለም ቢባል ይቀላል። ባዶ ፊልም እያየን አንቲቦዲውን ልንረግም ነው። ኤምሲኤፍ-7 ይሻላል። የጡት ካንሰር ሴል ነው፣ ፒ53ው ግን ጤነኛ ነው።

አስተባባሪዋ፦ ወይ ጉድ! ይሄን እንዴት ዘለልኩት። ሄላ ወጣ።

ከቶሮንቶ፦ ኤች1299ንም ጨምሩ። የሳንባ ካንሰር ሴል ነው፤ ፒ53 ጨርሶ የለውም። ብክነት እንዳይመስላችሁ። ድሮ አንድ አንቲቦዲ ይዤ ሦስት ወር ለፍቻለሁ። 53 ኪሎ ዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ቆንጆ መስመር ይወጣል፤ ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ ሁሉ አሳየሁ። በኋላ ኤች1299 ላይ ስሞክረው ያችው መስመር፣ እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ! ለካ የያዘው ሌላ ፕሮቲን ኖሯል። ዲኦ-1 የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ብልቃጣችን በመንገድ ስንት ቀን ያለ በረዶ እንደሚቆም ማን ያውቃል?

ተማሪው፦ ጋሼ፣ የጀማሪ ጥያቄ ነው። 393 አሚኖ አሲድ ከሆነ ክብደቱ 44 ኪሎ ዳልተን ገደማ ነው የሚሆነው። 53 ከየት መጣ?

ከቶሮንቶ፦ ጎበዝ። ፕሮሊን የበዛበት ክፍል ስላለው ጄል ውስጥ ያዘግማል፤ ከክብደቱ በላይ ይመስላል። ስሙ የወጣለት በዚያ ነው። በ1979 ሲገኝም ካንሰር አምጪ መስሏቸው ነበር። ተከላካይ መሆኑ የታወቀው 10 ዓመት ቆይቶ ነው።

የፓቶሎጂ ሐኪሟ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ዲኦ-1 ጤነኛውንም የተበላሸውንም ይይዛል። ጤነኛው በ20 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይወገዳል፤ የተበላሸው ግን ይከማቻል። እኛ ስላይድ ላይ አንቲቦዲው የያዘውን ቡናማ እናቀልማለን፤ ኒውክለሱ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ስናይ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ነው የምንጠረጥረው። ረቂቁ ግን «ደማቅ መስመር ፒ53 እየሠራ መሆኑን ያሳያል» ይላል። እንደሱ አይባልም።

አስተባባሪዋ፦ ልክ ነዎት ዶክተር፣ ይሰረዝ። ታዲያ በምን እናሳይ?

የፓቶሎጂ ሐኪሟ፦ ፒ21 የተባለውን ፕሮቲን አብራችሁ ለኩ። ፒ53 ሲሠራ እሱ ይጨምራል። ለንጽጽር ኤምዲኤ-ኤምቢ-468 የተባለውን የጡት ካንሰር ሴል አስገቡ፤ ፒ53ው ሚውቴሽን ያለው ነው።

ከጎንደር፦ ሁለተኛ አንቲቦዲ ማለት ነው። በጀቱስ?

አስተባባሪዋ፦ የጉዞውን እቀንሳለሁ። ደግሞ አንቲቦዲው እንደደረሰ በትንንሽ ቱቦ ይከፋፈል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሙሉው ብልቃጥ እየቀለጠ እንዳይበላሽ። ጋሼ፣ የኤች1299ን አንቀጽ እርስዎ ይጻፉልን። ያችን መስመር ካልጣሏት ፎቶዋንም ላኩልን።

ከቶሮንቶ፦ ፎቶዋ አለች። አለቃዬ ግን እንዳያይ።