«በረጋ ባሕር» ወይስ «ጸጥ ባለ ባሕር»?

ጸሐፊት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሆላንድ የባሕር ሠዓሊዎች አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የታናሹ ቪለም ፋን ደ ፌልደ «የመድፍ ተኩስ» ላይ ደርሼ ተያዝኩ። በ1680 አካባቢ የተሣለ ነው፤ አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ይገኛል። ነፋስ የሚባል የለም፤ የጦር መርከቡ ሸራ እንደ ታጠበ ነጠላ ተንጠልጥሏል፣ ከጎኑ የመድፍ ጭስ ይትጎለጎላል። «መርከቡ በረጋ ባሕር ላይ ቆሟል» ብዬ ጻፍኩ። አራሚዬ «ጸጥ ባለ» አደረገው። የቱ ይሻላል? ደግሞስ «ቆሟል» ሲባል መልሕቅ የጣለ አያስመስልም?

አለቃ ነኝ ባይ፦ አራሚሽ አውቋል። ማቴዎስ 8፥26ን እይ፤ «ታላቅ ጸጥታም ሆነ»። ግእዙ «ዛኅን» የሚለው ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ?

ፊደል ቆጣሪ፦ አለቃ፣ እዚያ እኮ ማዕበል ተነሥቶ ነበር! ጸጥ የሚለው ሲጮህ የቆየ ነው። ይህ ባሕር መች ጮኸና?

ዘወትር ተማሪ፦ መድፍ እየተተኮሰ ምን ጸጥታ አለ? 😂

አለቃ ነኝ ባይ፦ ጸጥታው የነፋሱ ነው እንጂ የመድፉ ነው አልተባለም። የሚረጋስ ወተት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ወተት ይረጋል፣ ደም ይረጋል፣ ሰውም ይረጋል፤ እርስዎ ብቻ አልረጉም። ሥሩ ያው «ረግአ» ነው።

አለቃ ነኝ ባይ፦ እሱ ጠጠረ፣ ጸና ማለት ነው። ባሕሩ ከጠጠረማ ሰው ይሄድበታል! በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሕዝብ ካማራችሁ ሠዓሊው ሄንድሪክ አቨርካምፕ አለላችሁ፤ እሱም ሆላንዳዊ ነው።

ዘወትር ተማሪ፦ እኔ የምለው፣ «መርከብ» ራሱ «ረከበ» ካለው አይመጣም? ወደብ የምታገኝ ለማለት።

ፊደል ቆጣሪ፦ የዐረብኛው «ረኪበ» ነው፤ ተሳፈረ፣ ጋለበ። የግእዙ መርከብማ «ሐመር» ነው፤ ሐመረ ኖኅን ረሳኸው?

የሥዕል ወዳጅ፦ እናንተ ሥር ስትቆፍሩ ሥዕሉ ተረሳ። አባትዬው፣ ትልቁ ቪለም፣ በ1666ቱ የሆላንድና የእንግሊዝ የአራት ቀን የባሕር ውጊያ በትንሽ ጀልባ ሆኖ መካከል ገብቶ የነደፈ ሰው ነው። በ1674 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ለአባትና ለልጅ በዓመት መቶ መቶ ፓውንድ ቆረጠላቸው፤ አባት የባሕር ውጊያ ሊነድፍ፣ ልጅ ንድፉን በቀለም ሊሠራ። ማዕበሉንም ውጊያውንም የሚያውቅ እጅ ነው ነፋስ አልባውን ቀን የሣለው። ስለዚህ እኔ «ነፋስ በሌለበት ባሕር» እላለሁ፤ «ረጋ»ም «ጸጥ»ም ይቅር።

አለቃ ነኝ ባይ፦ ሦስት ቃል ለአንድ ቃል! ቅኔ ቤት ብትሆን ተቀጥተህ ነበር።

ጸሐፊት፦ እሺ፣ «ቆሟል» የሚለውስ?

አለቃ ነኝ ባይ፦ ልጄ፣ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ «ረግዐ»ን በአልፋው አ የጻፈው ይጠየቅልኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ስልኬ ነው!

አለቃ ነኝ ባይ፦ ስምህ ፊደል ቆጣሪ፣ ስልክህ ፊደል አጥፊ።