የፋሲካ ትራፊ፣ ፒዛ በምጣድ

«የሳቢያኗ»፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዘግይቼም ቢሆን እንኳን አደረሳችሁ።

ባለፈው እዚሁ ከውጭ አገር ልጆች ይዞ ስለመመለስ ስናወራ ሁሉም የጻፈው ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሙቀቱ ነበር። እኔን ግን እንደ በዓል ማግስት ያስቸገረኝ የለም። ከሲያትል ከመጣን ሁለት ዓመት ሞላን። ልጆቼ ዶሮ ወጥ አይጠሉም። የበዓሉ ቀን እንቁላሉን ይሻሙበታል። በማግስቱም ምንም አይሉም። ሦስተኛው ቀን ላይ ትሪው ሲቀርብ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ዘንድሮ ትልቁ አላስቻለውም። «ማሚ፣ ለምን እንደ ዓርቡ አናደርገውም?» አለኝ።

«ዓርቡ» የሚለው እዚያ የለመደውን ነው። ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ላይ ይውላል። በማግስቱ የሰው ሁሉ ፍሪጅ ቱርክ በሚሉት ትልቅ ዶሮ መሳይ ወፍ ትራፊ ይጨናነቃል። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሩን። ሥጋውን ይበጣጥሱና፣ በቲማቲም ሶስ ፋንታ ያቺን ጣፋጭ የክራንቤሪ ሶስ ቀብተው፣ ቺዝ አልብሰው ፒዛ ይጋግሩታል። ልጆቼ ከሐሙሱ ይልቅ ዓርቡን ነበር የሚጠብቁት። እኔማ ቀኑ ዓርብ፣ ብዙውን ጊዜም የገና ጾም የገባበት ስለሆነ፣ የበላሁት በዓይኔ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ የመጀመሪያ ሙከራዬ አይደለም። በገናም ሞክሬ ተዋርጃለሁ። የ2017 ገና ማክሰኞ ዋለ፣ በማግስቱ ረቡዕ ስለሆነ ጾም። ወጡ እስከ ሐሙስ ጠበቀን። ሐሙስ ሊጥ አቦካሁ፣ ወጡን እንዳለ ከነመረቁ ገለበጥኩበት፣ አይብ ነሰነስኩና ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ሄደ። ሲመጣ ያወጣሁት ነገር ከታች ጭቃ፣ ከላይ ደግሞ የተቆላ ሩዝ የመሰለ አይብ ነበር። ልጆቹ በጨዋነት አንድ አንድ ጉርሻ ቀመሱልኝ። ከዚያ በላይ የሚያሳፍር ነገር የለም።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 የእኛም የፈረንጆቹም አንድ ላይ ዋለ፣ ታስታውሳላችሁ። እናቴ ሁለት ዶሮ ሠራች። እህቴ ከለገሃሬ ሌላ ድስት ይዛ መጣች። ማክሰኞ ፍሪጁን ስከፍት ግማሽ ድስት ወጥ፣ አራት እንቁላል፣ አይብ፣ ጎመን በሥጋ፣ አንድ ሳህን ሥጋ ያልገባበት ጎመንና የድፎ ዳቦ ሩብ አለ። ደግነቱ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። እንደ ገናው የሚያስቸኩል ነገር የለም።

እናቴ ሐሳቤን ስትሰማ ያለችውን ልንገራችሁ። «በስመ አብ! አሥራ ሁለት ብልት አውጥቼ፣ ቁሌቱ ላይ ሳለቅስ አምሽቼ፣ አሁን ቂጣ ላይ ልትለቀልቂው?» ከኩሽና ግን አልወጣችም። በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

በዚህኛው ዙር መጀመሪያ ወጡን አስተካከልኩ። ሥጋውን ከአጥንት ለይቼ በጣቴ በጣጠስኩ። መረቁን ለብቻው ሰፊ መጥበሻ ላይ አድርጌ አመጠጥኩት። ማንኪያ ሲጎተትበት መንገዱ ሳይዘጋ ከቆየ ደርሷል ማለት ነው። ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቅቤ በጭልፋ ቀንሼ አስቀመጥኩ፤ አትድፉት፣ በኋላ ይፈለጋል። ቲማቲም አልጨመርኩም፣ ጨውም አልጨመርኩም። ስንት ሰዓት ለተቁላላ ሽንኩርት ምን ሶስ ያስፈልገዋል?

ሊጡ ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 3 መቶ ሚሊ ሊትር ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። ሦስት መካከለኛ ፒዛ ይወጣዋል። የፈረንጅ አሠራር ሁሉ «ለብ ባለ ውኃ አቡኩ» ይላል። በሚያዝያ ድሬ ላይ ይህን ያደረገ ሊጡን ከጎረቤት ግቢ ይሰበስባል። እኔ የፍሪጅ ውኃ ተጠቅሜ እንኳ ሃምሳ ደቂቃ ሳይሞላ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፋው።

ኦቨኑን ደግሞ ተውኩት። ፒዛ ከታች የጋለ ነገር ይፈልጋል፣ ከምጣድ የበለጠ ምን አለ? ምጣዱን በደንብ አግዬ፣ በጥቂት ዘይት አሰስኩ። ሊጡን ስስ አድርጌ ዘረጋሁበትና አክንባሎውን ከደንኩ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከታች ነቁጥ ነቁጥ ሲል በሰፌድ አንስቼ ገለበጥኩት። ሶሱን የቀባሁት የበሰለው ፊት ላይ ነው። ገናን ያበላሸው አንዱ ይሄ ነበር፤ ጥሬ ሊጥ ላይ ወጥ ከፈሰሰ ጭቃ ነው የሚሆነው። ከሶሱ በላይ ሥጋው፣ ከሥጋው በላይ ቺዙ። በርበሬ በቀጥታ እሳት ከነካው ያርራል፣ ይመርራልም። ስለዚህ ቺዙ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነው። የተቆራረጠውን እንቁላል መጨረሻ ላይ አደረግሁ፣ አለዚያ እንደ ላስቲክ ይደርቃል።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ። ቺዙ ቀለጠ እንጂ አልጠቆረም። ከላይ እሳት የለማ! ይሄኔ እናቴ ከበርጩማዋ ተነሳች። አክንባሎውን አንስታ ጣለችው። የድፎ ዳቦዋን የብረት ክዳን አመጣች፣ ምድጃው ላይ ከነበረው የቡና ከሰል ፍም እየዛቀች ላዩ ላይ ዘረገፈች። «እሳት ከላይ እሳት ከታች ሲባል አልሰማሽም?» ሁለት ደቂቃ። ቺዙ አረፋ አውጥቶ ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ ሆነ።

ልጆቹ የደረሳቸውን ሁሉ ጨረሱት። እናቴ አንድ ቁራጭ በልታ «ቅቤው አንሷል» ብላ፣ ያን የቀነስኩትን ቅቤ ከላይ አንጠባጠበችበት። ልክ ነበረች።

«ካልጋሪ ነኝ»

አቦ! ምራቄን አስዋጥሽኝ። የድሬ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ከወጣሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ። እዚህ ካናዳ የእነሱ ታንክስጊቪንግ በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ ነው፣ ጾም የለም፣ ቱርኩን በደንብ እንበላለን። የፋሲካውን ዶሮ ግን ብዙ ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ረስቼው ነው የምጥለው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ቺዙ ምን ዓይነት ነው? አይብ አይሆንም ማለት ነው? ሁለተኛ፣ ሊጥ ማቡካት ለሰነፈ ወንደላጤ እንጀራ ላይ ቢደረግስ? አንዴ ሞክሬ እንጀራው ረጥቦ ትሪው ላይ ቀረ።

«የሳቢያኗ»፣ ድሬዳዋ

ወንድሜ፣ አይብ አይቀልጥም። ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ብታስቀምጠው እንኳ አይቀልጥም። አይብ የሚረጋው አሬራው ከነኮምጣጣነቱ በእሳት ሲሞቅ ነው። እንዲያ የረጋ አይብ እንደገና ሲሞቅ ውኃውን እየለቀቀ ይደርቃል እንጂ አይለሰልስም። የሕንዶቹ ፓኒርም እንደዚያው ነው፣ መጥበሻ ላይ ቢጠበስ ቅርጹን አይለቅም። ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔ የሚረጉት በሌላ መንገድ ነው፣ በኋላም በሙቅ ውኃ እየተለወሱ ይሳባሉ። ለዚያ ነው ፒዛ ላይ ክር የሚያወጡት። እኔ ሱቅ ያገኘሁትን ፕሮቮሎኔ ፈቅፍቄ ተጠቀምኩ። አይቡን ከምጣድ ከወረደ በኋላ ቀዝቃዛውን ጣል ጣል አድርግበት። በርበሬውን ያበርደዋል። ለክትፎ እንደምታደርገው ማለት ነው።

እንጀራው ይሆናል፣ ግን ያደረ ይሁን። ዓይኑን ወደ ታች አድርገህ መጥበሻ ላይ ባዶውን አድርቀው። ሲነካ ኩርሽም ማለት አለበት። ከዚያ ሶሱን ስስ አድርገህ ቀባና ቶሎ ብላ። ሥጋ አታብዛበት፣ አይሸከምም። ከእንጀራው ይልቅ የተረፈ ድፎ ዳቦ ካለህ በጣት ውፍረት ቆርጠህ ሁለቱንም ፊት ጥበስ። ሰነፍ ወንደላጤን የሚያኮራ ነገር ነው። አንተ ደግሞ ኦቨን አለህ፤ እስከ መጨረሻው አግለው፣ 250 ዲግሪ ከደረሰ ትሪውንም አብረህ አግል።

«ጀጎል»፣ ሐረር

ልጆች፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ዶሮ ወጥ ላይ ቺዝ ሲባል ሆዴ ይረበሻል። ግን ሊጡ ላይ አንድ ነገር ልበል። ደንገጎን ወጥታችሁ እኛ ጋ ስትደርሱ የሳቢያኗ ሰዓት አይሠራም። ድሬ 1 ሺህ 2 መቶ ሜትር ላይ ናት፣ እኛ ወደ 1 ሺህ 9 መቶ ገደማ ነን። እዚህ ነፋሻ ነው። ሊጡ ሁለት ሰዓት ቢቆይ አይገርምም። ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዩ፤ እጥፍ ሲሆን ደረሰ።

ደግሞስ ፒዛ ለምን አስፈለገ? ፈጢራ እያለልን! ሊጡን እንደ ወረቀት አሳስቶ፣ የተበጣጠሰውን ሥጋ ከእንቁላል ጋር መሃሉ አድርጎ፣ አራቱንም ጎን አጥፎ መጥበሻ ላይ ማገላበጥ ነው። ከላይ እሳት አያስፈልገውም። ቺዝም አያስፈልገውም። ለልጆቹ ስሙን ፒዛ በሏቸው።

«ስቶክሆልም»

ጣልቃ ልግባ። የሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ነው የምሠራው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ስለ አያያዙ ማንም አላነሳም። ግማሽ ድስት ወጥ እስከ ማክሰኞ ሲባል ደንግጫለሁ።

የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሚያዝያ ላይ ድሬ ማለት ይኼው ነው። ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱ። መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጃል። ጠለቅ በማይሉ ሳህኖች አከፋፍሉት። ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን፣ ከዚያ በፊት ወደ ፍሪዘር፣ አለዚያ ይደፋ። ስታሞቁ የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጡና መሃሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ማለትም በደንብ እስኪንተከተክ አሙቁት። እናቶቻችን በየቀኑ ያንተከትኩት ነበር፣ አውቃለሁ። ማንተክተኩ ተህዋሱን ይገድላል። አንዳንዱ ተህዋስ ቀድሞ የለቀቀውን መርዝ ግን እሳት አያጠፋውም። መብራት ሄዶ ካደረ አትሳሱለት፣ ጨክናችሁ ድፉት።

«የሳቢያኗ»፣ ድሬዳዋ

እህቴ፣ ልክ ነሽ። የኛ እሑድ ቀትር ላይ ሦስት ሳህን ተከፋፍሎ ነው ፍሪጅ የገባው፤ መብራትም በዚያ ሳምንት አልሄደም፣ ተመስገን። የገናውን ግን አሁን ሳስበው ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።

አባባ የሐረሩ፣ ፈጢራውን ቅዳሜ ሞክሬዋለሁ። በእንቁላል ሳይሆን በጎመን። ትንሿ ልጄ «ይሄ ፒዛ አይደለም» አለች፣ ግን ሁለት በላች።

አንድ የረሳሁት ነገር አለ። እኛ ግቢ ሙስሊም ጎረቤቶች አሉን። ኢድ ከፋሲካ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀድሞ ነበር፣ ያኔ ሳምቡሳውና ጣፋጩ ሙሸበክ በትሪ ሞልቶ መጥቶልናል። ትሪ ባዶውን አይመለስም። እኛ ያረድነውን ደግሞ አይበሉም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፒዛ የእነሱ ነበር። ምጣዱን ሥጋ ሳይነካው፣ በንጹሕ ሰፌድ፣ ያን ለብቻው ያስቀመጥኩትን ጎመን በቃሪያና በሽንኩርት፣ ከላይ ቺዝ። ዘይቱም የኑግ ነው። ልጃቸው ትሪውን ስትመልስልኝ እናቷ «ምጣድ ላይ ነው ወይ?» ብላ ጠይቃለች ተባልኩ። በማግስቱ ከአጥሩ ማዶ የሊጥ ሽታ መጣ።

«ካልጋሪ ነኝ»

ትናንት ሠራሁት። ድፎ ስላልነበረኝ የሱቅ ዳቦ ላይ ነው። የፍሪዘሩን ዶሮ ማታውን ፍሪጅ ውስጥ አሟሟሁት፣ በስቶክሆልሟ ሕግ። መረቁን ማምጠጡ ላይ ቸኩዬ ትንሽ ፈሰሰብኝ፣ ግን አቦ! ቅቤውን ከላይ ማንጠባጠብ የሚለው የማማ ትእዛዝ ነገር ነው። አብሮኝ የሚኖረው ፊሊፒናዊ «ይህ ቀይ ሶስ የት ይሸጣል?» አለኝ።

አሁን ደግሞ የተረፈ ሽሮ አለኝ። ሽሮ ፒዛስ?

«የሳቢያኗ»፣ ድሬዳዋ

ሽሮ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ልስን ይረግፋል። ተወው፣ በእንጀራ ብላ።